ፍልስፍና ለሕፃናት ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአገራችን «አትፈላሰፍብኝ» የሚለው ቃል ተግሣጽ ነው። ልጅ ነገር ሲያበዛ ይህን ይሰማል። ታላላቆች በሚነጋገሩበት መካከል ገብቶ «ለምን?» ያለ እንደሆነም ዝም በል ይባላል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረትም የልጅን አሳብ ገና ሳይሰሙ ለመናቅ ይጠቀሳል። ስለዚህ ፍልስፍናን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር ይገባል የሚል ሰው ቢመጣ ከሁለት ወገን ተቃውሞ ይነሣበታል። አንደኛው ወገን፣ ፍልስፍና የሸበቱ ሰዎች ነገር ነው፤ ሰባትና ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ምን ይገባዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሃይማኖታቸውን ያናጋባቸዋል ብሎ ይፈራል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ተቃውሞዎች በየተራ ተመልክተን፣ በሕፃናት ክፍል ለምናገለግል ለእኛ ለወጣቶች የሚሆነውን ትምህርት ለማውጣት እንሞክራለን።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ፕሮፌሰር ማቲው ሊፕማን የተባሉ አሜሪካዊ በኒውዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ያስተምሩ ነበር። ሎጂክ ማለት አንዱ አሳብ ከሌላው አሳብ በትክክል መከተሉንና አለመከተሉን የሚመረምር ትምህርት ነው። በ1968 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች ዐመፅ ሲናወጥ፣ ተማሪውም አስተዳዳሪውም በምክንያት መነጋገር እንደ ተሳናቸው ተመለከቱ። አስተሳሰብን ማረም ሰው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ቢጀመር እጅግ የዘገየ ነው ወደሚል አሳብም ደረሱ። የእኛ አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሊፕማን 10 እና 11 ዓመት ለሆናቸው ልጆች የሚሆን ልብ ወለድ ታሪክ ጻፉ። በ1974 ዓ.ም. መጽሐፉ ታተመ፤ በዚያው ዓመትም በኒው ጀርሲ ግዛት በሞንትክሌር ስቴት ኮሌጅ ስለ ሕፃናት ፍልስፍና የሚያጠና ተቋም መሠረቱ። አን ማርጋሬት ሻርፕ የተባሉት ምሁርም የሥራቸው ዋና ተባባሪ ሆኑ።

የመጽሐፉ ታሪክ እንዲህ ነው። ሃሪ የሚባል ልጅ (ሙሉ ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጠራ የአሪስቶትልን ስም ያስመስላል) በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ልቡ ሌላ ቦታ ሄዶ ሳለ፣ መምህሩ ረጅም ጅራት ያለውና በ77 ዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይን የሚዞር ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል። ልጁም ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን እንደሚዞሩ የሰማውን አስታውሶ «ፕላኔት ነው» ይላል። መልሱ ጅራታም ኮከብ ነበርና ክፍሉ በሙሉ ይሥቅበታል። ሃሪ ግን ነገሩን በዕፍረት ብቻ አልተወውም፤ የት ላይ እንደ ተሳሳተ ይመረምር ጀመር። በመጨረሻም አንድ ነገር አገኘ። ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን ይዞራሉ ማለት እውነት ነው፤ ፀሐይን የሚዞር ሁሉ ፕላኔት ነው ማለት ግን ሐሰት ነው። እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ሲገለበጥ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ አይገኝም ማለት ነው።

ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። «ካህናት ሁሉ ይጾማሉ» ብንል ትክክል ነው። ገልብጠን «የሚጾም ሁሉ ካህን ነው» ብንል ግን እናቶቻችን ሁሉ ካህናት ሊሆኑ ነው። «አንድም በግ ፍየል አይደለም» የሚለውን ብንገለብጠው ደግሞ «አንድም ፍየል በግ አይደለም» ይሆናል፤ እውነትነቱም አይለወጥም። እኛ ይህን ትምህርት ያገኘነው ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያው ዓመት በሎጂክ ኮርስ ነው፤ ያም በቀመርና በፈተና ተሸፍኖ ነበር። በበግና በፍየል፣ በካህንና በእናት የተነገረው ልጅ ግን በ9 ዓመቱ እየሣቀ ይረዳዋል።

ለሕፃናት ይገባቸዋልን?

የመጀመሪያው ተቃውሞ በሳይንስ ስምም ይነገር ነበር። ዣን ፒያዤ የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ልጅ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ረቂቅ አሳብን አገናዝቦ ለመመርመር አይበቃም ይሉ ነበር። ጋሬት ማቲውስ የተባሉ አሜሪካዊ የፍልስፍና መምህር ግን በ1980 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የሕፃናቱን ንግግር ራሱን ምስክር አድርገው አቀረቡ። መጽሐፋቸው የሚጀምረው 6 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ድስት እየላሰ ሳለ፣ ይህ ሁሉ ሕልም አለመሆኑን በምን ልናውቅ እንችላለን ብሎ አባቱን እንደ ጠየቀ በመተረክ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1641 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የተጨነቀበት ጥያቄ ይኸው ነበር። ሕፃኑ ዴካርትን አላነበበም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

እኛም ከሕፃናት ጋር ብንውል የምንሰማው ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን ከፈጠረ እርሱን ማን ፈጠረው? ትናንት የሚባለው ቀን አሁን የት ነው ያለው? ማንም ያላወቀው ውሸት ውሸት ነው? ድኻን ለመርዳት ብሎ የሰረቀ ሌባ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከመጽሐፍ የተቀዱ አይደሉም። ማታ በምድጃ ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ያደገ ልጅ የማሰብን ጨዋታ የሚያውቀው ከእናቱ ቤት ጀምሮ ነው። እንግዲህ ፍልስፍናን ለሕፃናት ማስተማር ማለት የግሪክን ሊቃውንት ስም ማስጠናት አይደለም። ልጁ ይዞት የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ፣ ምክንያት መስጠትን፣ የሌላውን ምክንያት መስማትን፣ የተሻለ ሲገኝም አሳብን ማረምን ማልመድ ነው።

የተገለበጠ ፍርድ

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለነፍሳችን ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፣ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታችንን ጠየቁት። ከዚያ በፊትም የኢዮብ ወዳጆች በመከራው ተጨንቀው ሊያጽናኑት መጡና ያለ በደል እንዲህ ያለ መከራ አያገኝህም ብለው ከሰሱት። እነዚህ ሁሉ ያሰቡት አንድ ነገር ነው። ኃጢአት መከራን ያመጣል ማለት እውነት ነው፤ መጻሕፍት ሁሉ ይመሰክሩለታል። እነርሱ ግን ገለበጡትና መከራ ያገኘው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው አሉ። ያ በሃሪ ክፍል ያሣቀው ስሕተት በኢዮብ አመድ ላይ ሲደርስ ጭካኔ ሆነ። ጌታችንም እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ በመንገር የተገለበጠውን ፍርድ መልሶ አቀናው።

ይህን ምዕራፍ በሕፃናት ክፍላችን ባነበብንበት እሑድ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ የጎረቤታችን ሕፃን እግሩ አይሄድም፤ ሰዎች የእናቱ ኃጢአት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ቶሎ ከመንገር ይልቅ ጥያቄውን ለሁሉም አቀረብነው። አንዱ ልጅ «ኃጢአት የሠራ ይቀጣላ!» አለ። ሁለተኛው «ታዲያ ኢዮብስ?» አለው። ሦስተኛዋ ደግሞ «ጉንፋን የያዘን ቀን ሁላችንም ኃጢአት ሠርተን ነው?» ብላ ሁሉንም አሣቀች። የመጀመሪያው ልጅ ጥቂት አሰበና «አይ፣ እኔ ያልኩት ወደ ፊት ነው እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም» አለ። ከዚህ በኋላ ወደ ወንጌሉ ተመልሰን የጌታችንን መልስ ደግመን አነበብን። ጠያቂዋም «ለእማዬ እነግራታለሁ» አለች።

እስቲ እናስተውል። ያችን ልጅ «ይህ የትልቆች ነገር ነው፤ ዝም በዪ» ብንላት ኖሮ ጥያቄዋ አይጠፋም ነበር። ይዛው ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ መልሱንም ከዚያው የእናቲቱን ስም ከሚያነሡት ሰዎች ትቀበላለች። አንዲት እናት በልጇ ሕመም ላይ የሰው ሐሜት ይጨመርባታል፤ ያን ሐሜት የሚሸከም አንድ ትውልድም ይተካል። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ባለመጠየቅ ግን ከሹመት የሚበልጥ ፍቅር ይቀራል።

ሃይማኖትን ያናጋልን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ እንምጣ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 2 ከከንቱ ፍልስፍና እንዲጠበቁ አስጠንቅቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እርሱ ራሱ በአቴና ከኤፊቆሮስና ከኢስጦይቆች ወገን ከነበሩ ፈላስፎች ጋር እንደ ተነጋገረ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ተጽፏል። የነቀፈው በሰው ወግ ላይ ቆሞ ከክርስቶስ የሚያርቀውን ነው እንጂ ማሰብን አይደለም። በሁለተኛው ምእት ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዩስቲኖስም ክርስቲያን ከሆነ በኋላ የፈላስፎችን ካባ ለብሶ ያስተምር ነበር፤ በ165 ዓ.ም. ገደማም በሮም ስለ ክርስቶስ ተሠይፏል።

የሕፃናትን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ከእኛ ይልቅ የታገሠ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 የፋሲካ ሥርዓት ሲታዘዝ፣ ልጆች የዚህን አገልግሎት ትርጉም በጠየቁ ጊዜ አባቶች ምን እንደሚመልሱ አብሮ ታዝዟል። ሥርዓቱን የሠራው አምላክ የልጁን «ለምን?» አስቀድሞ አሰበለት ማለት ነው። ጌታችን ራሱም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው እንደ ተገኘ ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፏል። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ በሕፃንነቱ ጠያቂ ሆኖ መታየቱ ጠያቂ ሕፃናትን እንዳንገፋ ትልቅ ትምህርት ነው።

በእርግጥ ጥያቄ ሁሉ አንድ አይደለም። በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 1 ሁለት ሰዎች መልአኩን ጠይቀዋል። ካህኑ ዘካርያስ ጠየቀና አንደበቱ ተዘጋ፤ እመቤታችን ጠየቀችና መልአኩ በትሕትና አስረዳት። ልዩነቱ በመጠየቃቸው ላይ ሳይሆን በልባቸው ላይ ነበር፤ አንዱ ያለማመን ጥያቄ ነው፤ ሌላው የማመን ጥያቄ ነው። የሕፃን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከእመቤታችን ወገን ነው፤ ለማወቅ እንጂ ለመፈታተን አይጠይቅምና። በቁጣ ሲመለስበት ግን ቀስ በቀስ ወደ ጥርጥር ይለወጣል።

አባቶቻችን እንዴት ተማሩ?

በወንጌል ጊዜ የአንድ ኢትዮጵያዊ ንግግር ተጽፎ የሚገኘው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላ ተቀምጦ የኢሳይያስን ትንቢት ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ባለው ጊዜ፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት እችላለሁ አለ። ቀጥሎም ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ሊቃውንት የሚጠይቁት ዓይነት ነው። ሁለት መንገድ አወጣ፤ የትኛው እንደሆነም ለማወቅ ፈለገ። ፊልጶስም ከዚያ ጥያቄ ጀምሮ ወንጌልን ሰበከለት፤ ጥምቀትም ከጥያቄው በኋላ መጣ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ይህን መንገድ ጠብቀው ኖረዋል። በትርጓሜ መጻሕፍት የግእዙ ንባብ ከተነገረ በኋላ ፍቺው ይመጣል፤ ከዚያም «አንድም» እየተባለ ሌላ ፍቺ፣ ደግሞም ሌላ ፍቺ ይጨመራል። አንዱ ሲነገር ሌላው አይጣልም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይመዘናል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የትናንቱን ቅኔ እየደገመ አይኖርም፤ አዲስ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው አባቶቻችን ማሰብን ፈሩ ሊል አይችልም። እንግዲያው በክበብ ተቀምጠው የሚጠያየቁ ሕፃናትን ስናይ ባዕድ ነገር መጣብን ማለት የለብንም፤ «አንድም» የምትለው ቃል ወደ ሕፃናት ክፍል ወረደች ልንል ይገባል።

መጠንቀቅ የሚገባን

ሆኖም ከጥንት የተነገረ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፕላቶን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ በ7ኛው ክፍል፣ የክርክርን ጥበብ ገና በልጅነታቸው የቀመሱ ወጣቶች ያገኙትን ሁሉ እየጎተቱ እንደሚቦጫጭቁ ቡችሎች ይሆናሉ ብሎ ሰግቷል፤ ስለዚህም ትምህርቱን እስከ 30 ዓመት ያዘገየዋል። በእኛም መካከል ክርክርን የድል መሣሪያ ያደረጉ ብዙዎች ስላሉ ይህ ሥጋት እውነትነት አለው። ዳሩ ግን ቡችላው የሚቦጫጭቀው የሚያሠለጥነው ስላጣ ነው። ልጅ መጠየቅን ከማክበር ጋር፣ መቃወምን ከመስማት ጋር አንድ ላይ ከለመደ ሌላውን አይነክስም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የእምነታችንን መሠረት የሚመለከት ነው። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በሕፃናት እጅ ብልጫ አናስወስንም፤ ቤተ ክርስቲያን የወሰነችውን እናስተምራለን። ነገር ግን ስለ ፍትሕ፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ውሸትና ስለ ድፍረት፣ የተነበበውም ታሪክ ለኑሮአችን ስለሚሰጠው ትርጉም ሕፃናቱ ሊመረምሩ ይችላሉ። ምሥጢሩን ሲጠይቁም የምናውቀውን እንነግራቸዋለን፤ የማናውቀውን መምህራንን ጠይቀን እናመጣለን።

ሦስተኛው፣ ይህን ሥራ ለውጤት ካርድ ስንል አንጀምረው። በእንግሊዝ አገር በ48 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ3,000 በላይ በሆኑ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2015 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ውይይት ያደረጉት ልጆች በንባብና በሒሳብ የ2 ወር ትምህርት ያህል እንደ ቀደሙ ገልጾ ነበር። በ2021 ዓ.ም. የወጣው በበለጡ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ሌላ ጥናት ግን በንባብ ውጤት እንዲህ ያለ ብልጫ አላገኘም። እኛ የምንፈልገው ፍሬ በፈተና የሚቆጠር አይደለም። በጎረቤቱ ላይ ፍርድ ከመገልበጡ በፊት ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው እንዲያድግልን ነው።

ምን እናድርግ?

በሕፃናት ክፍል የምናገለግል ሁሉ ከእሑድ ትምህርታችን 20 ደቂቃ ብቻ ለዚህ ብንመድብ ይበቃል። አንደኛ፣ ሕፃናቱን እርስ በርስ እንዲተያዩ በክብ እናስቀምጣቸው፤ እኛም ከመካከላቸው እንቀመጥ። ሁለተኛ፣ አንድ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ወይም የአገራችንን ተረት እናንብብላቸው። ሦስተኛ፣ ጥያቄውን እነርሱ ያውጡ፤ በሰሌዳው ላይ ከጠያቂው ስም ጋር እንጻፈው፤ ከተጻፉት አንዱን ራሳቸው ይምረጡ። አራተኛ፣ ለተናገረ ሁሉ «ለምን እንዲህ አልክ?» «ምሳሌ አለሽ?» «ይህ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንድ ጊዜ?» የሚሉትን ጥያቄዎች እናቅርብ። አምስተኛ፣ በተናገረ ልጅ ላይ የሚሥቅ፣ ወይም አሳቡን ትቶ ልጁን የሚነቅፍ እንዳይኖር እንጠብቅ። «አሳቤን ለውጫለሁ» ያለውን ልጅ ከሁሉ አብልጠን እናመስግነው። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን በነገሩ ላይ የምታስተምረውን በአጭሩ እንናገር፤ ይህንም አስቀድመን ሳይሆን ካዳመጥን በኋላ እናድርገው።

ወጣቶች ሆይ፤ ሕፃናቱን ከማስተማራችን በፊት ግን ራሳችንን እንይ። ሰውን በወገኑ፣ በድኽነቱ፣ በሕመሙ ስንፈርድ ስንት ጊዜ እውነተኛውን ቃል ገልብጠን ይዘን እንገኛለን? ከዚያ ወገን አንድ ሰው በደለ ተብሎ ከዚያ ወገን የሆነ ሁሉ በዳይ ነው ሲባል ስንት ጊዜ ዝም ብለን ሰምተናል? በጉንፋን ምሳሌ ጓደኛዋን ያረመች ልጅ የምታውቀውን እኛ ባለ ዲግሪዎች ብንረሳው ትምህርታችን ምን ይረባናል? ለሕፃናት የምንሰጠው የማሰብ ትምህርት አስቀድሞ ለእኛ የንስሐ ትምህርት ነው።

በሠረገላ ላይ ሳለ የጠየቀውን ኢትዮጵያዊ መልስ ሳይሰጠው ያላለፈ አምላክ ለሕፃናቶቻችን ጥያቄ የምንቀመጥበትን ትዕግሥት ይስጠን። እንደ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ቀርበን አብረን የምንቀመጥ ያድርገን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።